የልጄ ማቅለሽለሽ ምክንያት አልታወቀም፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምጽፈው። የ9 ዓመት ልጄን ከወራት ወዲህ በየሳምንቱ ያቅለሸልሻታል፣ አንዳንዴም ያስመልሳታል፤ ብትበላም ባትበላም ያው ነው። የደም፣ የሽንት፣ የሰገራ ምርመራና አልትራሳውንድ ተሠርቶላት ምንም አልተገኘም። ሐኪሙ "ፈንክሽናል" (በምርመራ የሚታይ በሽታ ሳይኖር የጨጓራና አንጀት አሠራር ሲዛባ የሚመጣ ሕመም) ሊሆን ይችላል አለኝ። ሐኪሞች እንዲህ ያለውን የሆድ ሕመም በሚለዩበት ሮም 4 በሚባለው የ2016 እ.ኤ.አ. መስፈርት፣ ማቅለሽለሹ በሳምንት ቢያንስ 2 ጊዜ እየመጣ 2 ወር ከቆየና ተመርምሮ ሌላ በሽታ ካልተገኘ ነው እንዲህ የሚባለው። ክብደቷ አልቀነሰም፣ አረንጓዴ አያስመልሳትም፣ ጠዋት ጠዋት ራስ ምታትም የለባትም። ታዲያ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራን ማየት) ያስፈልጋታል ወይስ እስካሁን የተመረመረችው ይበቃል? ዘመድ "አስመስላ ነው" ሲል አንጀቴ ያርራል፤ ልጅቷን እውነት ነው የሚያማት። ድሬ ወይም ሐረር ውስጥ የልጆችን ጨጓራና አንጀት በደንብ የሚያይ ሐኪም የምታውቁ፣ ወይም ልጃችሁ እንዲህ ሆኖ የተሻለው፣ እባካችሁ ንገሩኝ።