ነገ ወደ ኮሎምበስ በሴስና 172 ልብረር ወይስ ልሰርዘው?

ጠያቂ (ፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ)
ሰላም ወገኖች፣ ቶሎ የሚደርስ ምክር ፈልጌ ነው። ነገ አርብ ከሰዓት ከፍሬድሪክ ተነስቼ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ልሄድ አስቤአለሁ። የጓደኛዬ ልጅ ቅዳሜ አርባ ቀኑ ይሞላል። የክርስትና አባቱ እኔ ነኝ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቤተ ክርስቲያን መገኘት አለብኝ። አርባ ቀን ደግሞ "ለሳምንት እናሸጋግረው" አይባልም።

አይሮፕላኗ የክለባችን ሴስና 172 ናት፣ ባለ አንድ ሞተሯ ትንሽ አይሮፕላን። የኢንስትሩመንት ፈቃድ (ደመና ውስጥ በመሣሪያ እያዩ ለመብረር የሚያስችለውን) ካወጣሁ ስምንት ወሬ ነው፣ ደመና ውስጥ ብቻዬን የበረርኩት ቢደመር ስድስት ሰዓት አይሞላም። የነገው ትንበያ የደመናው ግርጌ 2,500 ጫማ፣ አናቱ 9,000 ይላል። ዜሮ ዲግሪም እዚያው 2,500 ላይ ነው። የበረዶው ጂ-ኤርሜት (ለአብራሪዎች የሚወጣው የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ) ከካምበርላንድ እስከ ኦሃዮ ያለውን ሸፍኖታል፣ ግን "መካከለኛ" እንጂ "ከባድ" አይልም። ዛሬ ጠዋት አንድ አብራሪ 7,000 ላይ በረዶ አላየሁም ብሎ ሪፖርት አድርጓል። ፒቶ ሂት (የፍጥነት መለኪያውን ቱቦ የሚያሞቀው) አላት። ልቤ ሁለት ሆኗል።

አስተማሪው
ሰርዘው። ምክንያቱን ልንገርህ፣ ምክንያቱን ካላወቅከው ነገ ጠዋት ሰማዩ ትንሽ ገለጥ ሲል ሐሳብህን ትቀይራለህ።

"መካከለኛ" የሚለው ቃል አያታልልህ። ጂ-ኤርሜት የሚወጣው ለመካከለኛ ነው፣ ከባድ ሲሆን ሲግሜት ይባላል። መካከለኛ ማለት ለአጭር ጊዜ እንኳ ብትገባበት አደጋ ሊሆን የሚችል፣ ወይ በረዶ ማራገፊያ መጠቀም ወይ አቅጣጫ መቀየር የሚያስፈልገው ማለት ነው። ማራገፊያ የለህም። ፒቶ ሂት የፍጥነት መለኪያህን ነው የሚያድነው እንጂ ክንፍህን አያሞቅም። መመሪያ መጽሐፏን ግለጠው፣ በረዶ ባለበት መብረር ክልክል ነው ይላል።

ችግሩ የበረዶው ክብደት ብቻም አይደለም። በክንፉ ግንባር ላይ እንደ ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ያለች ስስ ሽፋን ብቻ ክንፉ የሚያነሳውን ኃይል እስከ 30 በመቶ ልትቀንስ፣ የአየሩን ግጭት ደግሞ እስከ 40 በመቶ ልትጨምር ትችላለች።

እኔ ተማሪዎቼን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ መውጫህ የት ነው? ወደ ታች እንዳትል፣ ዜሮው 2,500 ላይ ነው፣ ከመንገድህ ብዙ የማይርቀው ማውንት ዴቪስ ራሱ 3,213 ጫማ ነው። ማለትም በረዶው የሚቀልጥበት አየር ከተራራው አናት በታች ነው ያለው። ወደ ላይ እንዳትል፣ አንድ 172 በረዶ ተሸክማ ከ7,000 ወደ 9,000 መውጣት ላይሆንላት ይችላል። ወደ ኋላ መዞር ብቻ ይቀርሃል፣ እሱም በጊዜ ካወቅከው።

ያ ሪፖርት ደግሞ የምን አይሮፕላን ነው? በሁለት ደመና መሃል የነበረ፣ ወይም ጄት ሆኖ በሁለት ደቂቃ አልፎት የሄደ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲያ ነፋሱ ከምዕራብ ነው፣ ከታላላቆቹ ሐይቆች ያመጣውን እርጥበት እያገላበጠ በተራሮቹ ምዕራባዊ ጎን ወደ ላይ ይገፋዋል። ክረምት ላይ እዚያ ሰፈር በረዶ አይጠፋም።

አዲስ አብራሪ
ለምን ከደመናው በታች አይሄድም? 2,500 እኮ ትንሽ አይደለም።

አስተማሪው
ተራራው 3,213፣ ደመናው 2,500። ደምረህ ቀንሰው ወንድሜ።

የፒትስበርጓ
እኔ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገርህ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ እንዳንተው በ172፣ 6,000 ላይ። ትንበያው ምንም አላለም ነበር፣ ያንተ ግን አስቀድሞ ነግሮሃል። መጀመሪያ ያየሁት ከመስታወቱ በላይ የምትወጣው የቴርሞሜትር ዘንግ ላይ ነው፣ ጫፏ ላይ ነጭ ነገር፣ የክብሪት ራስ የምታህል። "ትንሽ ነው" አልኩ። ቀና ስል ክንፉን የሚደግፈው ዘንግ ግንባሩ ነጭ ሆኗል። ሞተሩን እስከ ጥግ ሰጥቼው ፍጥነቴ ከ108 ኖት ወደ 84 ወረደ፣ ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይሞላም። የፊት መስታወቱ ተደፈነ፣ በጎን መስኮት ነው የማየው። አውቶፓይለቱን አጠፋሁት፣ ምክንያቱም በረዶው እየከበደ ሲሄድ እሱ ዝም ብሎ እየታገለ ይደብቅብሃል። ተቆጣጣሪውን አሁኑኑ ዝቅ ማለት አለብኝ አልኩት፣ ፈቀደልኝ። 3,000 ላይ ሁለት ዲግሪ ነበር፣ በረዶው እንደ ሰሌዳ እየተገነጠለ ሲወድቅ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ፍላፕ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደውን) ሳላወርድ፣ ከወትሮው በፈጠነ ፍጥነት አረፍኩ። እግሬ ለግማሽ ሰዓት ሲንቀጠቀጥ ነበር። ያዳነኝ ያ ሁለት ዲግሪ ነው፣ ያንተ ትንበያ ላይ ደግሞ የለም።

ጋሽ ካፒቴን (ጡረተኛ)
ልጄ፣ እኔ ትልልቁን ነው ያበረርኩት። እኔ ያበረርኩት ቦይንግ የክንፉን ግንባር ከሞተሩ በሚወስደው ትኩስ አየር ያሞቃል። ያም ሆኖ እናንተ ሰፈር 1982 ጥር ወር ላይ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ከዋሽንግተን ናሽናል አየር ማረፊያ የተነሳው የኤር ፍሎሪዳ 737 ክንፉ ላይ በረዶ ይዞ፣ የሞተሩ ማሞቂያ ሳይበራ ተነስቶ 14ኛው ጎዳና ድልድይ ላይ ወደቀ፣ 78 ሰው ሞተ። በዚያ ድልድይ ስታልፍ ትዝ ይበልህ። የሕፃኑ አባት ክርስትና አባት እንጂ አብራሪ አልለመነህም።

ትራከሩ
ስለ አይሮፕላን አላውቅም፣ መንገዱን ግን እንደ እጄ መዳፍ ነው። ወደ ስድስት ሰዓት ነው። አውራ ጎዳና 68ን ተወው፣ ፍሮስትበርግ ጋ ተራራው ላይ ቀድሞ ይነጣል፣ ስሟም ፍሮስት ነው 😄። በ70 ይዘህ በብሪዝውድ በኩል የፔንስልቬንያ ተርንፓይክን ያዝ፣ ይከፈልበታል ግን ቶሎ ይጠረጋል። ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ውጣ። ደግሞ በዚያ ነፋስ 172 ስንት ይፈጅባታል?

ጠያቂ
35 ኖት ከፊት ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ቅድመ ዝግጅቱን ስትጨምርበት አምስት። እንግዲህ አንድ ሰዓት ለማትረፍ ነው ይህ ሁሉ። ሰረዝኩት። ለጓደኛዬ ደውዬ በመኪና እመጣለሁ ስለው "ቀድሞውንስ በሌላ ልትመጣ ነበር እንዴ?" አለኝ።

ጠያቂ (ቅዳሜ)
ደርሻለሁ፣ ክርስትናውም በሰዓቱ ሆነ፣ ልጁ ሲጠመቅ አገሩን በጩኸት አናወጠው። ሶመርሴት ጋ ስወጣ ጭጋጉ ውስጥ ገባሁ። ነዳጅ ልቀዳ ስቆም የመኪናዋ አንቴና ፊት ለፊቱ ብቻ ነጭ ሆኖ ጣት አክሏል። ስለ ክንፉ ግንባር እንዳላችሁት ነው፣ የኋላው በኩል ደረቅ ነበር።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ። አይሮፕላኗ ውጭ ናት፣ ሰኞ ስመለስ ልለማመድባት ነው። ክንፏ ላይ ውርጭ ቢኖርስ? ሙቅ ውኃ ላፍስበት?

አስተማሪው
ውኃ በጭራሽ! ተመልሶ ይረጋል፣ ክንፍና ጅራት ላይ የሚንቀሳቀሱት መሪዎች መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ ያጣብቅብሃል። በብረትም አትፋቅ። የሚሞቅ ሃንጋር ካገኘህ አስገብተህ አቅልጠህ በደንብ አድርቃት፣ ካልሆነ ለስላሳ መጥረጊያ፣ ፀሐይና ትዕግስት። ከዚያ ጓንትህን አውልቀህ የክንፉን ግንባር በባዶ እጅህ ዳስሰው። ሻካራ ከሆነ ገና ነው።