ከሳንቲም ጎን ለጎን ለቅዳሜና እሁድ የሚሆን ሌላ መዝናኛ፦ ወፍ ማየት ወይስ ንብ?

ሱሉልታ ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምሰበስበው የኢትዮጵያ ሳንቲሞችንና የወረቀት ብሮችን ነው፤ በይበልጥ የ1936 ዓ.ም. ሳንቲሞችን። በሳምንቱ መጨረሻ ሦስት አራት ሰዓት 10 እጥፍ በሚያጎላ መነፅር ላይ አቀርቅሮ መዋል ዓይንንም ማጅራትንም ይጎዳል። ከቤት የሚያስወጣ ሌላ ነገር ልጀምር ነው።

ያለው ሁኔታ ይህ ነው። ቤቱ ሱሉልታ ነው፤ ከፍታው ከ2,600 ሜትር በላይ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ግቢው 200 ካሬ ሜትር ሆኖ በሁለት በኩል ጎረቤት ተጠግቷል። በየቀኑ ክትትል የሚፈልግ ነገር አይሆንልኝም፤ ሌላ መሳቢያ የሚሞላ ስብስብም አልፈልግም። እስካሁን ያሰብኩት ወፍ ማየትን እና አንድ ቀፎ ንብ ማነብን ነው። ለሁለቱም ምን ዕቃ፣ በምን ልክ እንደሚያስፈልግ፣ ጀማሪ የት ላይ እንደሚሳሳት የምታውቁ ንገሩኝ። መነፅር አደርጋለሁ።

ገፈርሳ ማለዳ፦

ለዓይንህ ብለህ ከሆነ ወፍ ማየትን ያዝ። ሳንቲም ስታይ ቅርቡን ለማጥራት የዓይንህ የውስጥ ጡንቻ ለሰዓታት እንደተኮማተረ ይቆያል፤ ሩቅ ስታይ ግን ይላላል። ደግሞም የሰብሳቢ ዓይን ለዚህ የተገራ ነው። ክቡን 25 ሳንቲም ከጥርሳሙ መለየት የለመደ ሰው የወፍ አፍ አወራረድ አያመልጠውም። (ለማያውቁት፦ ክቡን 25 ሳንቲም ብር እየቀቡ 50 ነው ብለው የሚያሳልፉ ስለተነሱ ነው በኋላ ጠርዙ ጥርሳም የተደረገው።)

ባይኖኩላር ስትገዛ 8 በ42 የሚል ይሁን። 8ቱ የሚያቀርብበት እጥፍ ነው፤ 42ቱ የፊት መስተዋቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ወደ ዓይንህ የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ማለት ነው፣ ለማለዳ ጭጋግም ይበቃል። 10 በ42 የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ 10 እጥፍ ያደርገዋል፣ የሚያሳየውም ሜዳ ይጠባል። 20 ወይም 30 እጥፍ ያቀርባል ተብሎ የሚሸጠውን ትንንሽ ዕቃ ጨርሶ አትንካ። መነፅር ስለምታደርግ የዓይን ማስጠጊያው ጎማ ወደ ታች የሚታጠፍ ወይም የሚዞር መሆኑን ሱቁ ውስጥ መነፅርህን ሳታወልቅ ሞክረው፤ ዙሪያው ጥቁር ሆኖ ከታየህ አይሆንህም።

ብዙ ሰው ሳያስተካክል ይጠቀምበትና «ያዞረኛል» ብሎ ይተወዋል። አስተካከሉ ቀላል ነው። 30 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ የቆመ ጽሑፍ ያለበት ነገር ምረጥ። የቀኙን መስተዋት በእጅህ ሸፍነህ በግራ ዓይንህ እያየህ የመሀሉን ጎማ እስኪጠራ አዙር። ከዚያ ግራውን ሸፍነህ፣ የመሀሉን ሳትነካ፣ በቀኝ ዓይንህ እያየህ ቀኝ ዓይን ላይ ያለውን ቀለበት አዙር። ቀለበቱ የቆመበትን ቦታ በልብህ ያዝ። ከዚህ በኋላ የምታዞረው የመሀሉን ብቻ ነው።

ቦታ ፍለጋ ሩቅ አትሂድ። ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ውሃ አዘል ሜዳችሁ ከሀገር ውጭ ሰው የሚመጣበት ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ እዚያ አለ፤ ገላው ግራጫ ሆኖ ክንፉ ላይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ አለበት፣ ሲራመድ አንገቱን ወደ ኋላ ጀርባው ላይ ጣል ያደርጋል። በዚህ ብቻ ከሩቅ ትለየዋለህ። ሣሩ ውስጥ አንገቱ ላይ ጥቁር ሐብል ያሰረ የሚመስል ጉሮሮ ቢጫ ወፍ ካየህ እሱም የኛው ብቻ ነው። በቦይ ዳር የሚሮጠው ቡናማ የውሃ ወፍ ደግሞ ጅራቱን ባነሳ ቁጥር ከሥሩ ነጩ ብልጭ ይላል። ጋጋኖውን ከዓይንህ በፊት ጆሮህ ያገኘዋል። ሜዳው ሲሰለችህ ገፈርሳ ግድብ አለ (የከተማው የመጠጥ ውሃ ስለሆነ መጀመሪያ ጥበቃዎቹን አስፈቅድ)፤ የደን ወፍ ካማረህ የመናገሻ ሱባ ጽድ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ይበቃል። ፀሐይን ወደ ጀርባህ አድርግ፤ ጠዋት ከሜዳው ምሥራቅ በኩል ቆመህ ወደ ምዕራብ ተመልከት ማለት ነው። አለዚያ የምታየው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ነጭ ልብስ አትልበስ። ወፉን በዓይንህ ስታገኝ ዓይንህን ሳትነቅል ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንህ አምጣ፤ ጎንበስ ብለህ ባይኖኩላሩን ካየህ ወፉ ጠፋ። ስሙን ለማወቅ ቸኩለህ መጽሐፍ አትግለጥ፤ አፉን፣ እግሩን፣ ክንፉን፣ የሚያደርገውን ጨርሰህ ካየህ በኋላ ይደርሳል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ብዛት በእርሳስ ጻፍ፤ ቀለም በዝናብ ይሟሟል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ስለሚጨመሩ ዝርዝርህ ይወፍራል፤ መሳቢያ ግን አይሞላም።

ቀፎና ሰም፦

ስለ ንብ እኔ ልመልስ። በመጀመሪያ ግልጹን ልንገርህ፦ በሁለት በኩል ጎረቤት በተጠጋው 200 ካሬ ላይ ንብ አታስቀምጥ። የኛ ንብ ቶሎ ይቆጣል፤ የታሰረ ፈረስ፣ አህያ ወይም ውሻ ማምለጫ የለውምና ይሞታል። ከመንደር ወጣ ብሎ የባሕር ዛፍ ወይም የእርሻ ዳር ያለው ገበሬ ተስማምተህ ከማሩ እያካፈልከው አንድ ሁለት ቀፎ አስቀምጥ። በየቀኑ መሄድ አያስፈልግህም፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ከውጭ ማየት ይበቃል።

ለጀማሪ የምመክረው የሽግግር ቀፎን ነው። ባለ ፍሬሙ ዘመናዊ ቀፎ ማር ማጣሪያ ማሽንና የተነጠፈ ሰም ይፈልጋል፣ ለአንድ ቀፎ አያዋጣም። የሽግግሩ ጎኑ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ሣጥን ነው፤ ከላይ ርብራብ እንጨቶች ይደረደሩበታል። ሁሉ ነገር ያለው በርብራቡ ስፋት ላይ ነው፦ 32 ሚሊ ሜትር። 28 ርብራብ በ32 ሚሊ ሜትር ወደ 90 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ይሰጥሃል። አናጢው «ትንሽ ቢሰፋ ምን አለበት» ብሎ 35 ወይም 36 ካደረገው ንቡ የማር እንጀራውን (ማሩንና እጩን የሚይዝበትን የሰም ሥራ) ከአንዱ ርብራብ ወደ ሌላው አጋድሞ ይሠራዋል፤ ያን ጊዜ አንዱን ስታነሳ ሦስቱ ይቀደዳሉ። እያንዳንዱን እየለካህ ተቀበል። በርብራቡ ሆድ መሀል ለመሀል ቀጭን የሰም መስመር አፍስስበት፤ ንቡ ያንን ተከትሎ ነው የሚሠራው።

ቀፎው ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ይበል፣ መግቢያው ወደ ምሥራቅ ይዙር፤ በውርጭ ጠዋት ፀሐይ ቶሎ ያገኘዋል። ከነፋስ በኩል አጥር ወይም ቁጥቋጦ ይኑረው። አራቱን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለባቸው ቆርቆሮዎች ውስጥ አቁም፤ ዙሪያውን ሣሩን እጨድ፤ አንዲት የሣር አገዳ ቀፎውን ከነካች ለጉንዳን ድልድይ ናት። ውስጡን በሰም አሽተህ በወይራ አጥነህ በነሐሴ መጨረሻ አዘጋጀው፤ መንጋ የሚወጣው አደይ ሲፈነዳ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ትንሽ መንጋ ከገባ ቀፎውን በመከፋፈያ ሳንቃ አጥብብለት፤ በእናንተ ብርድ ባዶውን ሁሉ ማሞቅ አይችልም።

የምትከፍተው አመሻሽ ላይ ነው፣ 12 ሰዓት ገደማ። ማጨሻው ውስጥ ደረቅ ኩበት ይነድ፤ ጭሱን መጀመሪያ በእጅህ ጀርባ ላይ ሞክረው፣ ካቃጠለህ ንቡንም ያቃጥለዋል። በመግቢያው ሦስት አራት ጊዜ ንፋ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ እንጀራ ከሌለበት ጫፍ ጀምረህ ክፈት። ከተነደፍክ መንደፊያውን ወዲያው በጥፍርህ ፋቀውና ቦታውን አጢሰው፤ የበሰለ ሙዝ የሚመስል ሽታ ይወጣዋል፣ ሌሎቹን የሚጠራው እሱ ነው። ፊትህ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ግን ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት ነው።

አሁን እንጀራውን ስለመያዝ። አዲስ እንጀራ ነጭ ነው፣ ከርብራቡ ጋር የተያያዘበት ቦታ ብቻ ነው የሚሸከመው። ስታነሳው ሁልጊዜ እንደተንጠለጠለ ይቁም። ሌላውን ገጽ ማየት ከፈለግክ አንዱን የርብራብ ጫፍ ወደ ላይ አንስተህ በቁሙ አሽከርክረው። እንደ ሰሃን ካጋደምከው ከነማሩና ከነእጩ ተገንጥሎ እግርህ ሥር ይወድቃል፣ ንቡም ይቅር አይልህም።

የምትቆርጠው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው፤ ከእንጀራው ሦስት አራተኛው በሰም የተከደነውን ብቻ። ያልተከደነ ማር ውሃው ገና አልወጣለትም፤ ከ20 በመቶ በላይ ውሃ ያለው ማር እንስራ ውስጥ ሆኖ ይፈላል። ቢያንስ ስምንት እንጀራ ተውለት። ማሩን ጠርገው ወስደው «ንቡ ኮበለለብኝ» የሚሉት በዚህ ነው። አበባ በሌለበት ወራት አንድ እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውሃ በጥብጠህ፣ አመሻሽ ላይ፣ ቀፎው ውስጥ አስቀምጥለት፤ ውጭ ካስቀመጥከው የሌላ ቀፎ ንብ ዘረፋ ይመጣል። በሶ ብትጨምርበት መልካም ነው፤ ሹሮ የሚሰጡም አሉ፣ ግን ቅመምና ጨው ያልገባበት ይሁን።

አልበም ጠባቂ፦

ሁለቱም ጥሩ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ከሜዳ መልስ ነው። ማር አሲድነት አለው፣ ላብም ጨው ነው፤ በእንዲህ ያለ ጣት የተነካ የ1936 ነሐስ በጥቂት ወራት ውስጥ የጣት አሻራ ያወጣል፣ አይለቅም። ንቡ ቀፎውን የሚለስንበት ሙጫ እጅ ላይ ከተጣበቀ በውሃ አይወርድም፤ በአልኮል አስለቅቀህ ከዚያ በሳሙና ታጠብ። የንብ ልብሱንና ማጨሻውን ሳንቲሙ ካለበት ክፍል አታስገባ። ለስላሳ ሽታማ ፕላስቲክ፣ ጎማና ሱፍም እንዲሁ፤ ፕላስቲኩ በነሐሱ ላይ አረንጓዴ ልፋጭ ይጥላል፣ ከጎማና ከሱፍ የሚወጣው ድኝ ደግሞ የብሩን 50 ሳንቲም ያጠቁረዋል።

ባይኖኩላሩን ግን ከሳንቲምህ ጋር አንድ ላይ ብታስቀምጠው ይጠቅመዋል። በቆዳ ማኅደሩ ከርሞ ክረምቱን ያሳለፈ ባይኖኩላር መስተዋቱ ውስጥ ሻጋታ የሸረሪት ድር ይመስል ያበቅላል። ክዳኑ የሚገጥም ደረቅ ሣጥን ከሲሊካ ጄል ጋር ለሁለቱም ያገለግላል። ሰማያዊው ዓይነት ሮዝ ሲሆን እርጥበት ጠግቧል ማለት ነው፤ በምድጃ 120 ዲግሪ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት አድርቀው።

ወንዝ ማዶ፦

ለክረምት ከሰዓት፣ ዝናቡ ሁለቱንም ሲከለክል፣ ገበጣ ቅረጽ። ዋንዛ ለመሮ ይመቻል፣ ወይራ ለጀማሪ ይከብዳል። ሦስት ረድፍ፣ በረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ ሦስት ጠጠር የሚገባበት ዓይነት አለ፤ 54 ጠጠር ይበቃዋል። የጉድጓዱ ስፋት 6፣ ጥልቀቱ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጣት እንደልብ ይገባል። እንጨቱ የሚሰነጠቀው ከሁለቱ ጫፎች ጀምሮ ነው፤ ሳትጀምር ጫፎቹን በቀለጠ ሰም ዝጋቸው።

ሱሉልታ ዳር፦

እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ በ8 በ42 እጀምራለሁ። ገፈርሳ ማለዳ፣ መስተዋቱን በምን ልጥረገው? ቀፎና ሰም፣ ቀፎ የማስቀምጥበት ገበሬ ስንዴው ላይ አረም ማጥፊያ ይረጫል፤ ያስቸግራል?

ገፈርሳ ማለዳ፦

በደረቁ በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ አትጥረግ፤ አቧራው መስተዋቱን ይቧጥጠዋል። መጀመሪያ አቧራውን በጎማ መንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አራግፍ፤ ከዚያ የመነፅርህን ጨርቅ በትንሹ አርጥበህ ከመሀል ወደ ዳር እያዞርክ ጥረግ።

ቀፎና ሰም፦

ያስቸግራል፤ የተባይ ማጥፊያው ደግሞ ይብሳል። የሚረጭበትን ቀን ከዋዜማው እንዲነግርህ ተዋዋል። ረጩን ንብ ከገባ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ እንዲያደርገው ለምነው፤ ማሳው ዳር ያበበ አረም ካለ ቀድሞ ይታጨድ። በዚያ ሌሊት መግቢያውን አየር በሚያሳልፍ ወንፊት ሽቦ ዝጋው፤ በማግስቱ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሳይበረታ ክፈተው፣ ከዚያ በላይ ከቆየ ንቡ ውስጥ ለውስጥ ይታፈናል። ይህን የማይስማማ ገበሬ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልግ።