ለጡረታ ማስተካከያ የምናቀርበው ሐሳብ፦ ሁለተኛው ረቂቅ

ጸሐፊው፦
ጤና ይስጥልኝ አባሎቻችን፣ የመንግሥት ሠራተኛ የነበርን ጡረተኞች። ቅዳሜ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ተሰብስበን ስለ ጡረታ ጥያቄያችን ደብዳቤ የተነጋገርነውን ወደ አንድ ገጽ አሳጥሬዋለሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ አሥራ አንድ ጥያቄ ነበረው። የቤት ኪራይ፣ የታክሲ፣ የመድኃኒት፣ ያልገባ አልነበረም። አሥራ አንድ ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው «እናየዋለን» ተብሎ ነው የሚሸኘው። አሁን የቀሩት ሦስት ናቸው፦ የደመወዝ ስኬል ሲስተካከል ጡረታም አብሮ ይስተካከል፤ ጭማሪው በመቶኛ ይሁን፤ የተተኪዎች አበልም (ጡረተኛው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚከፈለው) አብሮ ይነሣ። የምትሉት ካለ እስከ ሐሙስ ጻፉልኝ።

የቀድሞው ሒሳብ ሹም፦
ሦስት መሆኑ ደግ ነው። ግን ለመጀመሪያው ነጥብ ምክንያት አልተጻፈለትም፤ ያለ ምክንያት ሲቀርብ ልመና ይመስላል። የእኛ ነገር የሚበላሸው ስሌቱ ላይ ነው። ጡረታ የሚታሰበው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፤ ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 በመቶ። እንግዲህ አማካይ ደመወዙ 4,000 ብር የነበረ የ30 ዓመት ሠራተኛ 55 በመቶ ያገኛል፣ 2,200 ብር። ጡረታ በወጣባት ቀን ሒሳቡ ተዘጋ። በመስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000፣ የዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ሲያድግ እሱ በር ላይ ቆሞ ነው የሚያየው። ለእሱ ለብቻው እስኪወሰንለት መጠበቅ አለበት። ይህ ምሳሌ እንዳለ ይግባ።

(በነገራችን ላይ 70 በመቶ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ይጠይቃል። በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ በ60 የሚወጣ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሥራ ዘመኔ ሁለት ብቻ ነው ያየሁት፤ አንዱ መዝገብ ቤት ነበር።)

የቀድሞዋ መምህርት፦
እግዜር ይስጥልን ጋሼ። አንድ ነገር ልጨምር። ሰዉ «ዘንድሮ የወጡት ታድለው» ይላል፤ እነሱም አልታደሉም። የሦስት ዓመት አማካይ ከተባለ በ2018 የወጣ ሰው አብዛኛው ወሩ የሚቆጠረው በድሮው ደመወዝ ነው። አዲሱ ስኬል ሙሉ በሙሉ የሚታየው በ2021 መስከረም በሚወጣው ላይ ነው። በአንድ ቀን የተቀጠርን፣ በአንድ መምህራን ክፍል ሻይ ስንጠጣ የኖርን ሰዎች በዕድሜ ብቻ ሦስት ቦታ ተከፈልን። እኔ የምለው ይህ በደብዳቤው ፊት ላይ ይቀመጥ፤ «እኩል ሥራ፣ እኩል አገልግሎት፣ የተለያየ ጡረታ» ብለን።

የቀድሞው ሾፌር፦
ሁለተኛው ላይ አልስማማም። 30 በመቶ ቢጨመር 2,200 የሚያገኘው 660 ብር፣ 9,000 የሚያገኘው 2,700 ብር ይደርሰዋል። አትክልት ተራ ግን ሽንኩርት ለሁለታቸውም አንድ ዋጋ ነው። ለሁላችንም እኩል ብር ይጨመር።

ሒሳብ ሹሙ፦
የልብ ነው የተናገርከው ወንድሜ፤ ነገር ግን መዋጮው ከደመወዝ በመቶኛ ሲቆረጥ ስለኖረ፣ ደመወዙ ከፍ ያለ ሰው የበለጠ መክፈሉን ጨርሶ አንርሳ። ካልሆነ ራሳችንን እርስ በርስ እናጣላለን። መካከለኛው መንገድ ወለል ማስቀመጥ ነው፦ ለሁሉም በመቶኛ ይጨመር፣ ነገር ግን ጭማሪው ለማንም ከተወሰነ ብር በታች አይሁን። አበሉ ዝቅ ያለ ሰው በወለሉ ይጠቀማል።

ሾፌሩ፦
ወለሉ ወለል ይሁን እንጂ። አንድ መቶ ብር አስቀምጣችሁ ወለል እንዳትሉኝ። ከዚያ ውጭ ይሁን፣ ተስማምቻለሁ።

ባለቤታቸው ያረፉባቸው አባል፦
ሦስተኛውን ማንም አላነሣውም፤ እኔ ላንሣው። ባል ሲሞት ለሚስት የሚቀረው ግማሹ ነው። የጋሼን ምሳሌ ብንወስድ 2,200 የነበረው 1,100 ይሆናል ማለት ነው። ኪራዩ ግን ግማሽ አይሆንም፣ መብራቱም ግማሽ አይሆንም። የእኔን ጉዳይ ለማስፈጸም አንድ ቢሮ ስመላለስ ፋይሉ ጠፍቶ አራት ወር ፈጅቶብኛል፤ እሱ ይቅር። ግን «የተተኪዎች አበልም» የሚለው ከመጨረሻው መስመር ወጥቶ ራሱን የቻለ አንቀጽ ይሁን። ከመካከላችን ስንቱ ሴት እንደሆነ ቁጠሩ።

ጸሐፊው፦
ልክ ነዎት እትዬ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ራሱን ችሎ ይጻፋል።

በቅርቡ ጡረታ የወጡ የፕላን ባለሙያ፦
«የጡረታ ፈንዱ አይችልም» ቢሉንስ? ይህን ሳንዘጋጅበት አንሂድ። ገንዘቡ የሠራተኛው 7 በመቶና የመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ መዋጮ ነው፤ ማንም ችሮታ አልሰጠንም። ለረጅም ዓመታት የዋለውም መንግሥት በሚበደርበት፣ ዝቅተኛ ወለድ በሚከፍል የግምጃ ቤት ሰነድ ነበር፤ የዋጋ ንረቱ ከወለዱ ሲበልጥ ኖሯል። በ2016 ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ የመድኃኒቱን ዋጋ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ክፈሉን» ብቻ ከምንል «ፈንዱ ያለበትን ሁኔታ የሚያሳየውን ጥናት አሳዩንና አብረን እንነጋገር» ብንል የሚያስቆጣ አይደለም፣ መልስ ለመንፈግም አይመችም።

መምህርቷ፦
ይህ ወርቅ ነው። አራተኛ ጥያቄ አታድርጉት፤ መዝጊያው ይሁን።

ከካሳንቺስ የተነሡ አባል፦
በሐሳቡ ሁሉ እስማማለሁ። አንድ ልመና ብቻ። እኛ ከሰፈራችን ከተነሣን ወዲህ አራት ኪሎ ለመድረስ ሦስት ታክሲ ነው። ፊርማ በጠዋት አታድርጉት፤ ወረፋው ያደክማል።

ጸሐፊው፦
ፊርማው ከአምስት ሰዓት በኋላ ይሆናል፤ መምጣት ለማይችሉ ሁለት ሰው ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። የተስተካከለው የመጀመሪያ አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦ «እኩል አገልግለን የተለያየ ጡረታ የምናገኘው በወጣንበት ዓመት ምክንያት ነው። የደመወዝ ስኬል በተሻሻለ ቁጥር ቀደም ብለው የወጡት አበልም በዚያው ወር እንዲሻሻል እንጠይቃለን።» ሒሳብ ሹሙ ምሳሌውን በሠንጠረዥ ይላኩልኝ። ማኅተሙ ሊቀ መንበሩ ጋ ነው፤ ዓርብ እወስዳለሁ።

ሾፌሩ፦
ፊደሉን ተለቅ አድርገው አንተ። ባለፈው የፈረምኩትን ወረቀት ያነበበልኝ የልጅ ልጄ ነው።