የተወላገደ ጓሮ ስፋት እንዴት ይሰላል?

ቅየሳ ወይም ሒሳብ የሚችል ካለ እባካችሁ ድረሱልኝ። ጓሮዬን ሳር ላስተክል ነው። ሻጩ የሚያስከፍለው በካሬ ነው። ቦታው ደግሞ አራት ጎን ይኑረው እንጂ አንዱም ጥጉ ቀጥ ያለ አይደለም። ጎኖቹ በተራ 14፣ 11፣ 9 እና 12 ሜትር ናቸው።

ጎረቤቴ «ፊት ለፊት ያሉትን አማካይ አውጥተህ አባዛው» አለኝ፤ 132 ካሬ መጣ። አላመንኩትም። ጎኖቹ ሳይለወጡ ቅርጹ ሲጣመም ስፋቱ ይለወጣላ! ስለዚህ 14ቱንና 11ዱን ከሌሎቹ ለይቼ ከጥግ ጥግ ገመድ ወጠርኩ፤ 16 ሜትር። ሁለት ሦስት ማዕዘን ወጣ። በሄሮን ቀመር (የሦስት ማዕዘንን ስፋት ከሦስት ጎኖቹ ርዝመት ብቻ የሚያወጣው) 75.5 እና 53.4፣ በድምሩ 129 ገደማ። እስከዚህ ደህና ነኝ።

የጨነቀኝ የቦዩ ጎን ነው። መሬቱ ከ14 ሜትሩ መስመር አልፎ እንደ ሆድ ተቆዝሯል። በየ2 ሜትሩ ከዚሁ መስመር እስከ ቦዩ ጠርዝ ስለካ 0.6፣ 1.1፣ 1.5፣ 1.3፣ 0.9፣ 0.4 ሆነ፤ ሁለቱ ጫፎች ዜሮ። ደምሬ በ2 ሳባዛ 11.6 ካሬ። ይህ ያስኬዳል ወይስ በየሜትሩ ልለካ? የሲምፕሰን ቀመር (ጠርዙ የጎበጠን ስፋት የሚገምተው) ተጋማሽ ክፍልፋይ ይፈልጋል፤ የኔ 7 ነው። የስልክ ጂፒኤስ ግን አትምከሩኝ፣ ለዚህች ጓሮ ስህተቱ ይበዛል።