የካታማራን ሸራ ልኬት፦ በሦስት ማዕዘን ወይስ በወርድ?

የክላስ ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። የክላሳችን (በአንድ ሕግ የሚወዳደሩ ካታማራኖች፣ ማለትም ባለ ሁለት ቀፎ የሸራ ጀልባዎች) የዋና ሸራ ልኬት የድሮው ዓይነት ነው። አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ይወሰድና ከእሱ ውጭ የተረፈው ቅስት ቁራጭ በቁራጭ ተሰልቶ ይደመራል፤ የኋላ ጠርዙ ብቻ አምስት ቁራጭ አለው። ሁለት ለኪዎች አንድ ሸራ ለክተው ውጤታቸው አይገጥምም። ወርድ ብቻ ወደመለካት እንዙር የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ስንት ቦታ መለካት ይበቃል? ሕጉ ሲያጥር ቀዳዳ የሚከፈተውስ የት ላይ ነው? የጸደቁት ሸራዎችስ?

ሸራ ሰፊ
ስድስት ወርድና የፊት ጠርዙ ርዝመት ይበቃችኋል። ነጥቦቹን በሜትር አትፈልጓቸው፤ ሸራውን እጠፉት። አናቱን ከኋለኛው የታች ጥግ ጋር ስታገጥሙ የኋላ ጠርዙ የሚታጠፍበት ቦታ ግማሹ ነው። ጥጉን ወደ ግማሹ ስታመጡ ሩቡ፣ አናቱን ወደ ግማሹ ስታመጡ ሦስት አራተኛው፣ እንደገና አናቱን ወደ ሦስት አራተኛው ስታመጡ ሰባት ስምንተኛው ይገኛል። ከየነጥቡ እስከ ፊት ጠርዝ ያለውን አጭሩን ርቀት ውሰዱ፤ የሜትሩን ጫፍ ፊት ጠርዙ ላይ ከፍ ዝቅ ስታደርጉት ቁጥሩ ከሁሉ የሚያንስበት ማለት ነው።

ስሌቱ፦ ታች + 2×ሩብ + 2×ግማሽ + 1.5×ሦስት አራተኛ + ሰባት ስምንተኛ + 0.5×አናት። ድምሩን በፊት ጠርዙ ርዝመት አባዝታችሁ ለ8 አካፍሉ። ፊት ጠርዙ 8.80 ሜትር፣ ወርዶቹ ከታች ወደ ላይ 1.90፣ 1.82፣ 1.58፣ 1.20፣ 0.96፣ 0.70 ሜትር ቢሆኑ ድምሩ 11.81 ነው፤ ስፋቱ 12.99 ካሬ ሜትር ይመጣል።

የለኪዎቹ አለመግባባት በአብዛኛው ከሒሳቡ ሳይሆን ከአወጣጠሩ ነው። አንዱ ሸራውን ወጥሮ፣ ሌላው ዘና አድርጎ ይለካል። በዚህ ሸራ ሁሉም ወርድ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ብትስቱ 0.088 ካሬ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ "በሚለካው መስመር ላይ ያለው ጭምድድ እስኪጠፋ ብቻ" ብላችሁ ጻፉ። ሸራውን ቀጥ አድርገው የሚይዙት አግድም ዘንጎች ውጥረታቸው ይቀነስ ወይስ ከሸራው ይውጡ የሚለውንም ወስኑ፤ ተወጥረው ከቀሩ ሸራው መሬት ላይ አይተኛም።

ለኪ
በስድስቱ ወርድ እስማማለሁ፣ በ"ይበቃችኋል" ግን አልስማማም። ይህ ቀመር በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ጠርዝ ቀጥ ያለ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ወደ ውጭ የሚያብጠው ሁሉ በነጻ ያልፋል፤ ሸራ ነዳፊ ደግሞ ይህን ለማየት አንድ ቀን አይፈጅበትም።

ትልቁ ቀዳዳ ታች ነው። እስከ ጀልባው መረብ የሚወርደው ሸራ ከሁለቱ ጥጎች መስመር በታች ጨርቅ አለው። ወርዱ 1.90፣ የቅስቱ ጥልቀት 0.15 ሜትር ከሆነ 2/3×1.90×0.15፣ ማለትም 0.19 ካሬ ሜትር ሳይቆጠር ይቀራል። ጨምሩት። ቅስቱ እንደ ሳጥን ከተቆረጠ ግን ያው ጥልቀት እስከ 0.285 ይደርሳል፤ ጥልቀቱን መካከል ላይ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ ሩብ ነጥቦችም ለኩ።

ሌላው በፊት ጠርዙ ላይ ተሰፍቶ በምሰሶው ጎድጓድ ውስጥ የሚገባው ገመድ ነው። ኤ ክላስ የሚባለው የካታማራን ክላስ የሚፈቅደው 13.94 ካሬ ሜትር ምሰሶውን ጨምሮ ነው። እናንተም ምሰሶውን የምትቆጥሩ ከሆነ ጎድጓዱ ውስጥ የሚገባው ጨርቅ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር፤ 12 ሚሊ ሜትር በ8.80 ሜትር 0.106 ካሬ ሜትር ነው፣ ቀላል አይደለም። ምሰሶው አንዴ ተለክቶ በራሱ ወረቀት ላይ ይጻፍ።

የኋላ ጠርዙ በዘንጎቹ መካከል ወደ ውስጥ ገብቶ ነጥቡ እዚያ ላይ ከዋለ በቀጥታ መስመር ድልድይ አድርጉለት። የዓለም አቀፉ የሸራ ጀልባ ስፖርት አካል፣ የወርልድ ሴሊንግ፣ የመሣሪያ ደንብም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

የክላስ ጸሐፊ
አመሰግናለሁ፣ የገመዱን ነገር አላሰብነውም ነበር። በአሮጌው ሕግ የጸደቁትስ? ስፒናከሩንም (ከፊት የሚዘረጋውን ትልቅ ስስ ሸራ) በዚሁ መንገድ መለካት ይቻላል?

ሸራ ሰፊ
የጸደቀ ሸራ እስኪያረጅ በድሮው የልኬት ወረቀቱ ይኑር፤ ተቆርጦ ከተሰፋ ግን በአዲሱ ይለካ። አዲሱን ገደብ ከመወሰናችሁ በፊት አናታቸው ሰፊና ጠባብ የሆኑ የተለያዩ ሸራዎችን በሁለቱም መንገድ ለኩ። ልዩነቱ ለሁሉም እኩል አይሆንም፤ ሰፊ አናት ያለው በአንዱ ቀመር ሊጠቀም ይችላል። የድሮውን ቁጥር እንዳለ ወደ አዲሱ ቀመር መውሰድ ጠብ ያመጣል። ወርዱ በሚሊ ሜትር ይጻፍ፣ ማጠጋጋቱ ግን መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ።

ለስፒናከር የፊትና የኋላ ጠርዞቹን ርዝመት አማካይ፣ በ(ታች + 4×ግማሽ) አባዝታችሁ ለ6 አካፍሉ። ግማሹ ወርድ የሚለካው ከፊት ጠርዝ አጋማሽ እስከ ኋላ ጠርዝ አጋማሽ ነው።

ለኪ
ውድድር ላይ ደግሞ ሙሉ ልኬት አትሞክሩ። ግማሹንና ሦስት አራተኛውን ለክታችሁ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ፤ የማይገጥም ከሆነ ብቻ ሁሉንም ለኩ። የረጠበ ሸራ አትቀበሉ።