የዋጋ ግሽበቱ ወርዷል፤ የደሞዝተኛው ኑሮ ለምን አልቀለለም?

የክርክሩ አስተባባሪ፦
ለውይይት የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ከ37 በመቶ በላይ ደርሶ የነበረው ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ወደ 14 በመቶ ገደማ ዝቅ ማለቱን የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ይፋ አድርጓል። መንግሥትም በ2017 በጀት ዓመት ኢኮኖሚው በ9.2 በመቶ አድጓል ይላል። ይሁን እንጂ በደሞዝና በቀን ሥራ የሚተዳደረው ሰው ስለ ኑሮው ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ከእነዚህ አኃዞች ጋር አይገጥምም። እንግዲህ አኃዞቹ የሠራተኛውን ኑሮ ያሳያሉ ወይስ አያሳዩም? ተሳታፊዎች ሙያችሁን ብቻ እየገለጻችሁ፣ በመከባበር እንድትወያዩ እጠይቃለሁ።

መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦
አያሳዩም ብዬ እከራከራለሁ፤ ይህን ስል ግን ቁጥሮቹ የተፈበረኩ ናቸው ማለቴ አይደለም። ችግሩ ግሽበት ቀነሰ ሲባል ዋጋ ቀነሰ ማለት አለመሆኑን ዜናው ሁልጊዜ እያድበሰበሰ ማለፉ ነው። ለማስረዳት ያህል 1,000 ብር ይፈጅ የነበረ አስቤዛ በአንድ ዓመት 37 በመቶ ቢጨምር 1,370 ብር ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጭማሪው ወደ 14 በመቶ ቢወርድ ያው አስቤዛ 1,562 ብር ግድም ይደርሳል። በዜናው ላይ ግሽበቱ ከግማሽ በላይ ወርዷል፤ ባለቤቴ ይዛው ወደ ገበያ የምትሄደው ገንዘብ ግን የበለጠ አንሷል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ደሞዜ ካልተነቃነቀ፣ በሁለተኛው ዓመት የሚሰማኝ የሁለተኛው ዓመት ጭማሪ ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ክምችት ነው። መንግሥት የሚያበስረው ፍጥነቱን ነው፤ እኔ የምኖረው ግን ከደረስንበት ከፍታ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አማካይ የሚባለው ነገር ነው። ግሽበቱ የሚሰላበት የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚሰጠው ክብደት የሚመነጨው ቤተሰቦች በጠቅላላ ካወጡት ገንዘብ ነው። ብዙ የሚያወጣ ቤተሰብ በድምሩ ውስጥ ብዙ ይከብዳል፤ ጥቂት የሚያወጣው ጥቂት ይከብዳል። ስለዚህ ከወር ገቢው አብዛኛውን ለእህል፣ ለዘይትና ለቤት ኪራይ የሚያወጣ ሰው የሚያየው ግሽበት ከሚታወጀው ጋር አንድ ሊሆን አይችልም። ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ክብደት ደግሞ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት ላይ የተመሠረተ ነው። ከዚያ ወዲህ በሀገራችን ያልተለወጠ ነገር ምን አለ?

በስታቲስቲክስ ሥራ ረዥም ጊዜ ያገለገልኩ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ፦
መምህር፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ደረጃው የተናገሩት ፍጹም ትክክል ነው። ነገር ግን ይህ የአነባበብ ጉድለት እንጂ የመለኪያው ጉድለት አይደለም። የዋጋ ደረጃውን የሚያሳየው መለኪያ፣ የታኅሣሥ 2009 ዓ.ም.ን ዋጋ መቶ አድርጎ፣ በየወሩ ሲወጣ ቆይቷል፤ ጋዜጠኛውም ባለሥልጣኑም የሚጠቅሱት መቶኛውን ብቻ መሆኑ አገልግሎቱን ሊያስወቅሰው አይገባም።

ስለ አሠራሩም ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው ቁጥሩ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ይመስለዋልና። መረጃ ሰብሳቢ ወደ ገበያ ሲወጣ ሚዛን ይዞ ነው። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት በመደብ ነው የምትሸጠው፤ ዋጋ ሲወደድ የመደቡን ብር ሳትነካ ከላዩ ሁለት ራስ ታነሳለች። ሰብሳቢው መደቡን ገዝቶ ወይም አስፈቅዶ ይመዝነዋል፤ የሚመዘግበውም የመደቡን ሳይሆን የኪሎውን ዋጋ ነው። ዳቦም እንዲሁ በግራም ይመዘናል። ስለዚህ የሸማቹ ዓይን የሚያየውን መቀነስ መለኪያው አያይም የሚባለው ክስ በሜዳ ላይ ያለውን ድካም አለማወቅ ነው። ይህን ሥራ በፀሐይና በጭቃ የሚሠሩ ሰዎች ደሞዛቸው ከእርስዎ ደሞዝ የተሻለ እንዳይመስልዎት።

የክብደቱን ማርጀት ግን አልከራከርበትም። ምግብ ከመለኪያው ከግማሽ በላይ ይይዛል፤ ድሃው ቤተሰብ ደግሞ ከዚያም በላይ ለምግብ ያወጣል። ሆኖም ልብ ይበሉ፤ የእህል ዋጋ ከሌላው ዕቃ ዝግ ብሎ ባደገበት ወር የድሃው ግሽበት ከሚታወጀው በታች ይሆናል። አማካዩ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያዛባል ማለት አይቻልም።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ሐዋሳ፦
የሁለታችሁንም አንብቤአለሁ፤ ስለ ዋጋ ብቻ መነጋገራችሁ ግን አስገርሞኛል። የእኛን ሕይወት የሚወስነው የዋጋው መጠን ብቻ ሳይሆን የሚከፈለን ነው። በፈረንጆቹ 2019 አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ከታወቁት አምራች ሀገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጽፎ ነበር። ይህን ቁጥር ያገኘነው ከውጭ ሰዎች ነው። በሀገራችን በየወሩ የበርበሬ ዋጋ ይታወጃል፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ በየወሩ ስንት እንደሚከፈለው ግን ሲታወጅ ሰምቼ አላውቅም።

እኛ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተን እንኖራለን። ምሳና ሰርቪስ ከፋብሪካው ነው፤ ቁርስና እራት ግን ከኪሳችን ነው። ከወሩ ሃያኛ ቀን በኋላ ከባለሱቁ በዱቤ እንወስዳለን፤ ደሞዝ ሲወጣ መጀመሪያ የሚከፈለው ዱቤው ነው፣ ቀጥሎ ኪራዩ፣ ቀጥሎ ለቤተሰብ የሚላክ ካለ። ከእኛ አንዷ ሥራ ብትለቅ የሦስታችን ኪራይ በዚያው ወር ይጨምራል፤ ባለቤቱ ግን አንድ ብር አልጨመረም። ይህ በየትኛው መለኪያ ይገባል?

የሥራ አጥነት ቁጥርም አለ። ጥናቱ በሚጠይቅበት ሳምንት አንዲት ሰዓት እንኳ በክፍያ የሠራ ሰው ሥራ ካላቸው ወገን ይቆጠራል ብለው አስረድተውናል። በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው የሠራተኛ ኃይልና ፍልሰት ጥናት በሀገር አቀፍ ደረጃ ሥራ አጥነት 8 በመቶ፣ በከተማ 18.7 በመቶ ነው ያለው በዚህ ስሌት ነው፤ ትግራይም በጦርነቱ ምክንያት አልተካተተችም። በሳምንት ሁለት ቀን ልብስ አጥባ የምትኖር ጓደኛዬ በዚህ ቁጥር ውስጥ ከእኔ እኩል ሠራተኛ ናት።

የሂሳብ ባለሙያ፣ አዳማ፦
እኅታችን ወዳነሳችው የክፍያ ጉዳይ ልግባ፤ ሰነዱ እጄ ላይ ስላለ በቁጥር ላሳይ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ 6,000 ብር ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ቀጣዩ 2,000 ብር 15 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 2,000 ብር 20 በመቶ ይከፈልበታል። ግብሩ በድምሩ 700 ብር ይመጣል። የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 420 ብር ይቀነሳል። እጅ ላይ የሚደርሰው 4,880 ብር ነው። በዜና የተነገረው ግን 6,000 ነው።

ከማሻሻያው በፊት የነበረው ደግሞ የባሰ ነበር። የ2008ቱ አዋጅ ከግብር ነፃ ያደረገው 600 ብርን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በተካሄደው ጥናት የድህነት ወለል ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር ተብሎ ነበር፤ በወር ሲካፈል 600 ብር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ ሕጉ በወጣበት ጊዜ ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ ከአንድ ሰው የድህነት ወለል ጋር እኩል ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ዋጋው በየዓመቱ ሲወጣ 600 ብሯ ዘጠኝ ዓመት ከቆመችበት አልተነሳችም። ግሽበትን በየወሩ የሚለካ መንግሥት በለካው ልክ የግብሩን እርከን አለማንሳቱ ሠራተኛውን ሁለት ጊዜ አስከፍሎታል፤ አንድ ጊዜ በገበያ፣ አንድ ጊዜ በደሞዝ መክፈያ ሰነዱ። እኔ ይህን በየወሩ በእጄ ስሠራ ስለኖርኩ ቁጣዬን ለመደበቅ አልሞክርም።

አስመጪ ነጋዴ፣ አዲስ አበባ፦
አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 58 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ፤ ዋጋ ሁሉ እጥፍ ይሆናል ተብሎም ተፈርቶ ነበር። ግሽበቱ በዚያ መጠን አልዘለለም፤ ብዙ ሰውም ቁጥሩን ተጠራጠረ። እኔ አልተጠራጠርኩም። አብዛኞቻችን ዕቃችንን ቀድሞውኑ በጥቁር ገበያው ምንዛሪ እያሰላን ነበር የምንሸጠው፤ ሸማቹ ውድነቱን ከዚያ በፊት ከፍሎታል። በዚህ ጉዳይ አኃዙ እውነቱን ይዟል ብዬ እመሰክራለሁ።

የስታቲስቲክስ ባለሙያው፦
ከአዳማ የቀረበው ስሌት ይህ ክርክር የሚፈልገው ዓይነት ማስረጃ ነው። ግን አንድ ነገር እንድታስተውሉልኝ እፈልጋለሁ። እነዚህን በደሎች ያየናቸው በምንድን ነው? የድህነት ወለሉን የለካው የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት ነው። የግብር እርከኑ መድረቁን የምንናገረው የዋጋ መለኪያው ስላለ ነው። ስታቲስቲክስ የሠራተኛውን ኑሮ አያሳይም ብለን ከጣልነው የሠራተኛ ማኅበሩ በድርድር ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው ምን ይሆናል? ኑሮ ተወደደ የሚለውን አሠሪውም አይክደውም፤ የሚክደው በስንት የሚለውን ነው።

ደግሞም ሁሉም ደሞዝተኛ አንድ ዓይነት መንገድ አልተጓዘም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በተደረገው ማስተካከያ የመንግሥት ዝቅተኛ ደሞዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ ሲል ከሁሉም በላይ ያለው ከ20,468 ብር ወደ 21,492 ብር ብቻ ነው ያደገው። የጽዳት ሠራተኛዋ ያጣችውን የመግዛት አቅም በከፊልም ቢሆን አስመልሳ ሊሆን ይችላል፤ ከፍተኛ ባለሙያው ግን ተጎድቷል። ይህን ለመለየት የሚያስችለን አኃዝ እንጂ ስሜት አይደለም።

መምህሩ፦
ባለሙያው ሆይ፣ ስለ መለኪያው ጥቅም አልተለያየንም። የምንለያየው የሚመረጠውን ቁጥር ማን ይመርጣል በሚለው ላይ ነው። 9.2 በመቶ ዕድገት በየመድረኩ ይነገራል። በ2017 በጀት ዓመት የወጪ ንግድ ገቢ ከ8 ቢሊዮን ዶላር ማለፉ፣ በተለይም የወርቅ ገቢ መናሩ ይነገራል። እነዚህ እውነት ናቸው እንበል። ወርቁ በሚወጣበት አካባቢ ያለ የቀን ሠራተኛ ገቢው በስንት አደገ የሚለው ግን አይነገርም፤ ስለማይለካ ነው የማይነገረው። የሚለካውን የሚወስነው በጀት የሚመድበው አካል ነው፤ የሐዋሳዋ እኅታችን ደሞዝ በየወሩ ያልተለካው ለመለካት አስቸጋሪ ስለሆነ አይደለም። ፋብሪካው ለጡረታ መዋጮና ለገቢ ግብር ሲል የእያንዳንዷን ሠራተኛ ደሞዝ በየወሩ ለመንግሥት ያሳውቃል። መረጃው በመዝገብ ተቀምጧል።

የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደሞዝ የሚወስን የደሞዝ ቦርድ እንደሚኖር ደንግጓል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም በየዓመቱ ይህንኑ ሲጠይቅ ኖሯል። ቦርዱ ቢቋቋም በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቀው አንድ ሠራተኛ ለመኖር ስንት ያስፈልገዋል የሚለውን ነው። ለዚህ የሚሆን የታተመ ቁጥር አለን?

የፋብሪካ ሠራተኛዋ፦
መምህር እንዳሉት ደሞዛችን በጡረታ መዝገብ አለ። ያልተመዘገበው ዱቤያችን ነው። የዱቤ ደብተሩ ባለሱቁ ዘንድ አለ፤ የእኛን ወር ማየት የሚፈልግ ጥናት ካለ ከእርሱ ይጀምር። በጥናቱም ላይ ከገበያው ዋጋ በተጨማሪ ስንት ምግብ እንደተቀነሰ ይጠየቅ። እኛ ሥጋ የምንገዛው ለበዓል ብቻ ሆኗል፤ ያልገዛነው ሥጋ ቢወደድም ባይወደድም ወጪያችን ውስጥ አይገባም።

የስታቲስቲክስ ባለሙያው፦
ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከባድ ነው። ሰው የተወደደውን ዕቃ መግዛት ሲያቆም በሚቀጥለው የፍጆታ ጥናት የዚያ ዕቃ ክብደት ዝቅ ብሎ ይመዘገባል፤ ማጣቱ ምርጫ መስሎ ይቀመጣል። ለዚህ መፍትሔው ከክብደቱ ጎን የሚበላውን መጠን በኪሎና በግራም ለብቻው ማሳተም ነው፤ የፍጆታ ጥናቱ መጠይቅ ይህን መረጃ ይሰበስባል። የዋጋ መለኪያውን ቤተሰቦችን በወጪ መጠናቸው በአምስት ከፍሎ፣ ለየክፍሉ በየወሩ ማስላትም አዲስ ገበያ መጎብኘት አያስፈልገውም፤ ዋጋው ተሰብስቧል፣ ክብደቱ ካለው ጥናት ይወጣል። የደሞዙ ስታቲስቲክስ ግን በአገልግሎቱ እጅ ብቻ አይደለም፤ የጡረታውና የገቢዎች መዝገብ ስም ሳይጠቀስበት በድምር እንዲሰጠው የሚያስገድድ መመሪያ ይፈልጋል። መምህር፣ እርስዎና ማኅበሩ ግፊቱን እዚያ ላይ ብታደርጉ እኔ ቴክኒካዊውን ሰነድ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።

መምህሩ፦
ተቀብያለሁ። የቤት ኪራዩን ግን እንዳይረሱት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ጭማሪን በዓመት አንዴ ብቻ፣ በተፈቀደው መጠን ስለሚገድብ በውሉ ላይ የሚጻፈውና ተከራዩ በእጁ የሚከፍለው ሊለያዩ ይችላሉ። ሰነዱን ሲጽፉ ጥያቄው ለባለቤቱ ሳይሆን ለተከራዩ፣ ያውም ባለቤቱ በሌለበት እንዲቀርብ አድርገው ይጻፉት።