የካድሬው ልጅ መድረክ ላይ ይውጣ?

የመርካቶ ልጅ፦ እስቲ እንነጋገር። የቀይ ሽብር ሰለባ ልጆች ተሰባስበው የአባቶቻቸውን ታሪክ ቲያትር ቢሠሩት፣ የደርግ ካድሬው ልጅም አብሮ ይተውን የሚል ሐሳብ ሰማሁ። እኔ አልስማማም። በ1969 እና 70 ቤተሰብ የጥይት ዋጋ ከፍሎ ሬሳ የወሰደበት፣ ማልቀስ ራሱ እንደ ወንጀል የተቆጠረበት አገር ነው እኮ። ያልተለቀሰ ለቅሶ አለብን። መጀመሪያ እሱ ይውጣልን። የካድሬው ልጅ ስሜት ይቆየን።

ፍቅርተ፦ የአርጀንቲናዎቹን ሰምተሃል? ሎላ አሪያስ የምትባል አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ2009 በወታደራዊው አገዛዝ ዘመን ልጅ የነበሩ ስድስት ተዋንያን ሰብስባ፣ የወላጆቻቸውን ልብስ ለብሰው የወላጆቻቸውን ሕይወት እንዲተውኑ አደረገች። አባቱ የተገደለበት አለ፤ አባቷ የፖሊስ ደኅንነት የነበረም አለች። የዚች ልጅ ጉድ ደግሞ ሌላ ነው፣ ወንድሜ ብላ አብራው ያደገችው ልጅ ከታሰረች እናት የተሰረቀ ሆኖ ተገኘ። እዚያ አገር ልጅ አባቱ ላይ እንዳይመሰክር ሕግ ይከለክል ነበር። ግን መድረክ ላይ የምትናገረውን ፍርድ ቤት ለምን አትናገርም ተብሎ ተከራከሩላትና ተፈቀደላት። አባትየው ተፈረደበት። እሷ አትግባ ተብሎ ቢሆን ኖሮስ?

የመርካቶ ልጅ፦ እሷ እኮ አባቷን ልታጋልጥ ነው የቆመችው። የእኛዎቹ «አባቴ ታዞ ነው» ሊሉን ነው የሚወጡት።

አጋፋሪ፦ ቆይ፣ ለመሆኑ ሰለባው ማነው? የእኔ አባት መኢሶን ነበር፣ መጀመሪያ ከደርግ ጋር ይሠራ ከነበረው ድርጅት። በ69 ደርግን ይዋጋ የነበረው የኢሕአፓ ልጆች በር ላይ ጠብቀው ገደሉት። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ደርግ ራሱ የአባቴን ጓዶች ለቅሞ ፈጃቸው። እንግዲህ እኔን የት ታስቀምጡኛላችሁ? ከሰለባ ወገን ወይስ ከገዳይ?

የመርካቶ ልጅ፦ እሺ፣ ይሄ ከባድ ነው። መልስ የለኝም።

ዳኛው፦ እኔ ቲያትሩ ራሱ አልገባኝም። መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሙዚየም አለ። የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለማርያም ዚምባብዌ ተቀምጦ በ1999 በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተብሏል። ምን ቀረ? ቁስል መነካካት ካልሆነ።

ቤዛ፦ ምን ቀረ አልክ? አባቴ የት እንደተቀበረ አላውቅም፣ እሱ ቀረ። ፍርድ ቤት የፈረደው በትልልቆቹ ላይ ነው፣ ሌሊት በራችንን ያንኳኳው ሰውዬ ግን ጎረቤታችን ነበር፣ በኋላም እናቴ ካለችበት እድር አልወጣም። ሲሞት እናቴ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ ንፍሮ ስታድል አይቻታለሁ። «ምን ላድርግ፣ እድርተኛ ነው» አለችኝ። ለእኔ ቲያትር ማለት ይሄ ነው፣ ሙዚየም ውስጥ የማይገኘው። የሰውዬው ልጅ አብሮኝ ተምሯል። ይምጣ፣ አልከለክለውም። ግን እንዲያለቅስልኝ አይደለም፣ ይቅርታውንም ለጊዜው ያቆየው። አባቱ በዚያ ሌሊት አባቴን አስይዞ ወዴት እንደወሰደው ቤት ውስጥ የሰማው ነገር ካለ፣ መድረኩ ላይ ቆሞ እሱን ይናገር።